ኦኬ ያለው ማነው?

ታናሽ እህቴ በምንሠራበት የሕንፃ ግንባታ ሳይት ውስጥ «ላይኛዋ» ትባላለች። ትክክለኛ ስሟን ከእኔና ከባሏ ሌላ የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ታወር ክሬኑ ላይ ትወጣለች፣ ማታ ትወርዳለች፤ በመሃል ያለውን ጊዜ በመስታወት በተከበበች ጠባብ ካቢን ውስጥ ሁለት ማንሻ ጨብጣ ታሳልፈዋለች። እኔ ደግሞ ከታች የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ። ምስማር፣ ጓንት፣ ገመድ፣ ሄልሜት የሚወጣው በእጄ ነው፤ የሬዲዮ መገናኛዎቹ ባትሪ የሚሞላውም የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተከፍቶ ይውላል፤ በሳይቱ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ነገረኛ ናት ይሉኛል። ነገሩ ራሱ እየመጣ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ምን ላድርግ?

እህቴ ሥራ የጀመረችው ለአርማታ ውኃ በማመላለስ ነበር። አንድ ቀን የዕቃ ሊፍቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ታሞ ቀረና እሷ ተተካች። እጇ አይቸኩልም፤ ብሎኬቱን ስታሳርፈው የተኛ ሕፃን የምታስተኛ ነው የምትመስለው። ያኔ የነበረው ፎርማን ይህን አየና ሥልጠና ላካት። ስትመለስ ክሬኑ ላይ ወጣች። አንዳንዱ ወንድ አልተዋጠለትም። አንዱ በሰው ፊት «ሴት ከላይ፣ እኛ ከታች?» ቢላት፣ «ታች መሆን ካስጠላህ ና ውጣና ተካኝ» አለችው። ሰውየው እልህ ይዞት መሰላሉን ጀመረ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ወደ ታች ተመለከተ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሴትና ስለ ላይ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ያ ሥልጠና የላካት ፎርማን የውጭ አገር ሰው ነበር፤ «አባ ቀስ» እንለው ነበር። እንግሊዝኛ የገዛ አፉ አልነበረም፤ እንደ እኛው ጎልምሶ ነው የተማረው። አፕ፣ ዳውን፣ ስሎው፣ ስቶፕ። ከዚህ ያለፈ ቃል አባክኖ አያውቅም። በእነዚያ አራት ቃላት ስንትና ስንት ፎቅ ቆመ። ከዚያ ሥራው ሌላ ቦታ ወሰደውና በምትኩ «ማስቲካ» መጣ።

ማስቲካን ማስቲካ ያልነው ቃል ስለሚያኝክ ነው። እንግሊዝኛው የእናቱ ቋንቋ ነው፣ ግን እናቱም እንዲህ ስትናገር የምትሰማ አይመስለኝም። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ግማሹን ይውጠዋል፣ ከቀረው ግማሽ ሩቡ ቀልድ ነው፣ የተረፈው ደግሞ በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም። የመጣ ሰሞን እህቴን ባገኛት ቁጥር «ኦልራይት?» ይላታል። እሷ ደህንነቷን የጠየቃት መስሏት ቆም ትልና፣ «ቴንክ ዩ ቦስ፣ አይ አም ፋይን፣ ማይ ማዘር ኢዝ ፋይን፣ ማይ ሃዝባንድ...» እያለች ትዘረዝራለች። ቀና ስትል ሰውየው የለም፤ ሲሚንቶ ማደባለቂያው ጋ ደርሷል።

«እትዬ፣ ይሄ ሰው ይጠይቃል እንጂ መልስ አይፈልግም» አለችኝ ተቀይማ። ስንት ጊዜ ቤተሰባችንን በሙሉ ካስተዋወቀችው በኋላ ነው ተራ ሰላምታ መሆኑ የገባን።

ባሏም ከእሱ ጋር ተመሳሳይ ጣጣ ነበረው። ባሏ አናጢ ነው፤ እዚያው ሳይት ውስጥ ካሳፎርማ፣ አርማታ የሚፈስበትን የእንጨት ቅርጽ፣ ይሠራል። ረጋ ያለ፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ፣ ቤት ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ማስቲካ አንድ ቀን ሥራውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ኖት ባድ» ብሎት ሄደ። «መጥፎ አይደለም!» አናጢው እራት አልበላም። ያን ያህል ደክሞ፣ እንጨቱን በሚሊ ሜትር ገጥሞ፣ መጥፎ አይደለም? ኋላ ሲጣራ ለካስ በእነሱ ቤት ትልቅ ሙገሳ ኖሯል።

እህቴ መሸነፍ አትወድም። ማታ ማታ ልብስ ስትተኩስ ስልኳን ግድግዳ ላይ አስደግፋ የእነሱን ፊልም ታያለች። አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር ካውያውን አቁማ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። «እትዬ፣ ‘ሁለመናዬ ጆሮ ነው’ ይላሉ፤ አዳምጥሃለሁ ለማለት» ትለኛለች። «‘አየሩ ላይ ነው’ ይላሉ፤ ገና አልተወሰነም ማለት ነው።» እኔ እስቃለሁ፤ እሷ አትስቅም። አንዴ ተናድጄ «ሰው ለምን ያሰበውን ቀጥ አድርጎ አይናገርም?» ብላት፣ «እኛስ?» አለችኝ። «ትናንት ጎረቤትሽን ምን አልሻት? ‘ቆሽቴ አረረ’ አላልሽም? ማስቲካ ቢሰማሽ አምቡላንስ ይጠራልሽ ነበር።» እውነቷን ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለን የምንምል፣ አንጀቴን በላው ብለን የምናዝን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን የምንተኛ ሰዎች በማንም ላይ አፍ ማውጣት የለብንም።

ችግሩ የቋንቋው አይደለም፤ የመጣብን አንድ በያጅ ከተባረረ በኋላ ነው። ማስቲካ በመጣ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንዱን የብረት በያጅ የሆነ ነገር አዘዘው። በያጁ አልገባውም፤ «ሪፒት ፕሊስ» አለ። ማስቲካ ደገመለት። አሁንም አልገባውም፤ ደግሞ ጠየቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ማስቲካ ሄልሜቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው፤ ጮኸ፤ በእጁ ወደ በሩ አመለከተ። በያጁ ማሽኑን ለእኔ አስረክቦ ወጣ። ምን አጥፍቶ እንደተባረረ እንኳ አልገባውም ነበር። አንጀቴን ነው የበላው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳይቱ ውስጥ «አልገባኝም» የሚል ሰው ጠፋ። በምትኩ አንድ ልማድ ወጣ፤ «ጥላ መያዝ» አሉት። አንዱ ትእዛዝ ሳይገባው ቀርቶ ሲንተባተብ፣ ቅርቡ ያለው ቀደም ብሎ «ኦኬ ቦስ!» ይልለታል። ዝናብ ሲጥል ለጓደኛ ጥላ እንደ መያዝ መሆኑ ነው። ማስቲካ ፈገግ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ይሰበሰቡና ምን ብሎ ይሆን እያሉ ይገምታሉ። ጣቱን የቀሰረው ወደ ብረቱ ነበር፣ ፊቱ የተቆጣ አይመስልም ነበር፣ ስለዚህ ብረቱን ወደዚያ ውሰዱ ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግምታቸው ይይዛል። ሲስትም አንድ ግድግዳ ይፈርሳል፣ አንድ ቀዳዳ በተሳሳተ ቦታ ይበሳል፤ የሞተ ሰው አልነበረም። መሐንዲሱ እንኳ፣ በእንግሊዝኛ ተምሮ በእንግሊዝኛ የተመረቀው ልጅ፣ ማስቲካ ሲያወራ አንገቱን እየነቀነቀ «የስ፣ የስ» ይላል፤ ሰውየው ዞር ሲል ደግሞ እኛን ያየናል። ምን ያድርግ? እሱ የተማረበት መጽሐፍ እንዲህ አያኝክም።

ለሁሉም ሰው ይሠራ የነበረው ይህ ዘዴ ለእህቴ አይሠራም። ከታች ያለው ሰው የማስቲካን ፊት ያያል፣ እጁን ያያል። እሷ እዚያ ላይ ሆና የሚደርሳት ድምፁ ብቻ ነው፤ እሱም በሬዲዮ እየተንጫረረ። ይሄ ያስጨንቃት ነበር። አንድ ምሽት ቤቷ ቁጭ ብለን፣ «እኔ አንድ ቀን አልገባኝም ማለቴ አይቀርም» አለች።

አናጢው የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «በሞቴ፣ እንዳትይው! በያጁን ረሳሽው? አንዴ ከወረድሽ ሁለተኛ ማን ያወጣሻል? እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀብሽ አስቢ እንጂ።»

«ሰው ላይ ብጥልስ?»

«አትጥዪም። እኛ አለንልሽ።»

ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

የዚያን ዕለት ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ነበር። የግምጃ ቤቴ ቆርቆሮ ሲንኳኳ አርፍዷል። ፕሮግራሙ ተገጣጣሚ የኮንክሪት ደረጃዎችን በሕንፃው መሃል ባለው ጉድጓድ ውስጥ እያወረዱ መግጠም ነው። አንዱ ደረጃ፣ ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ያለው በሙሉ፣ የአንድ መኪና ክብደት አለው። እህቴ ከካቢኗ ሆና ጉድጓዱን አታየውም፤ ግድግዳው ይጋርዳታል። የምታየው መንጠቆዋ ግድግዳው ውስጥ ሲጠልቅ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጆሮዋ ነው የምትሠራው። ከታችኛው ማረፊያ ላይ ሦስት ሰዎች ሆነው ደረጃውን እየገፉ ቦታው ላይ ያስገቡታል። የሦስቱ አለቃ አናጢው ነው፤ ሬዲዮ የያዘውም እሱ ነው። ማስቲካ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ በሌላኛው ማረፊያ ላይ ቆሞ ያዛል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ደግሞ «ፉጨት» የምንለው ምልክት ሰጪ ቆሟል፤ ከማስቲካ የሰማውን ወደ ክሬኑ ማስተላለፍ፣ ለክሬኑም መመለስ ሥራው ነው።

ሁለቱ ደረጃዎች ያለ ችግር ገቡ። ሦስተኛው ግን መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። ማስቲካ «ዎ፣ ዎ፣ ዎ!» ሲል በሬዲዮ ሰማሁ፤ እህቴም አቆመች። ደረጃው ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከዚያ ማስቲካ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። ሬዲዮውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። «ኒፕ» የሚል ነገር አለው፣ «ጂፊ» የሚል አለው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ባቸርስ»። ባቸር ሥጋ ሻጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሥጋ ሻጭ በደረጃ ውስጥ ምን ይሠራል?

የእህቴ ድምፅ ተሰማ፤ «ሪፒ—»።

አላስጨረሷትም። ሁለት ሰው አንዴ የሬዲዮውን ቁልፍ ሲጫን ሬዲዮው የቀረበውን ነው የሚያሳልፈው። የእሷ ድምፅ ተቆረጠና በላዩ ላይ የወንድ ድምፅ መጣ፤ «ኦኬ ቦስ!»

ጥላ ተያዘላት።

በሬዲዮ ውስጥ ወንዶቹ ሁሉ ድምፃቸው አንድ ነው፤ እኔ ማን እንደሆነ አልለየሁትም። ማስቲካ ግን ሁልጊዜ ስለ ክሬኑ የሚመልስለት ፉጨት ስለሆነ ፉጨት መስሎታል። «ቺርስ» አለና፣ አመሰግናለሁ መሆኑ ነው፣ ጠፋ።

በመስኮቴ ቀና ብዬ ክሬኑን አየሁት። ረጅሙ ክንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሽቦው ወደ ሕንፃው ውስጥ ገብቷል። ነፋሱ ቆርቆሮዬን መታው። በዚያው ቅጽበት በሬዲዮው ውስጥ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እህቴ የሬዲዮውን ቁልፍ ስትጫን ከካቢኗ አብሮ የሚሰማው የነፋስ ማስጠንቀቂያ ነው። ነፋሱ ከልኩ ሲያልፍ ይጮኻል። ሲጮኽ ደንቡ አንድ ነው፤ ጭነቱን አሳርፈሽ ሥራ አቁሚ።

«ፉጨት፣ ምን አለ?» አለች በአማርኛ።

«ቀጥዪ ነው የሚለው። አውርጂ።»

«ሰምተኸዋል? አውርጂ ሲል ሰምተኸዋል?»

«ኧረ አንቺ ሴት! እስካሁን ታች፣ ታች ሲል አልነበረም? ሌላ ምን ይላል? ደግሞም ኦኬ ተብሏል እኮ።»

«ማነው ኦኬ ያለው?»

መልስ የለም። ማስጠንቀቂያው ቀጠለ። ከጉድጓዱ በታች አናጢው እንዳለ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች።

መሐንዲሱ ከቢሮው በሬዲዮ ገባ። «ላይኛዋ፣ ነፋሱ ገደቡን አልፏል። ለምን ቆምሽ? አውርጂና አሳርፊው። ሰውየው ይቆጣል።»

«አላወርድም።»

«ምን?»

«አልገባኝም። ምን እንዳለ አልገባኝም። አላወርድም።»

አማርኛ ስለሆነ ማስቲካ ቢሰማውም አይገባውም፤ እኛ ግን ሁላችንም ሰማን። አልገባኝም የሚለው ቃል በዚያ ሬዲዮ ላይ ከተሰማ ስንት ጊዜው! ከግምጃ ቤቱ ወጣሁ። ፌሮ ብረት አጣጣፊዎቹ ሥራቸውን አቁመው ወደ ላይ ያያሉ። አንዱ «አለቀላት» አለ። ዝም በል አልኩት፤ ድምፄ ግን እንኳን ሊያስፈራው፣ ራሱ ፈርቶ ነበር።

«ወደ ላይ ሳቢው እንግዲህ!» አለ ፉጨት። እሱም ድምፁ ተለውጧል።

«ገመዱን ይዘውት ከሆነስ? ይዣቸው ልውጣ?»

ይህን እሷ ናት ያሰበችው። ከታች ያሉት ሰዎች ደረጃው እንዳይሽከረከር በገመድ ይይዙታል። በድንገት ከሳበችው ገመዱ እጅ ይዞ ይሄዳል። ብታወርድ ከሥር ያለውን አታውቅ፤ ብታነሳ ያው። ዝም ብላ ብትይዘው ደግሞ ነፋሱ ክንዱን ይገፋዋል፣ ደረጃው ጉድጓዱ ውስጥ እየተወዛወዘ ግድግዳ ይመታል። እኔ ከታች ሆኜ ክንዱ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲገፋና ተመልሶ ቦታው ሲመጣ አይ ነበር። እየያዘችው ነበር። እጇ ብቻ ነው ያንን ደረጃ የያዘው።

ከዚያ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ከዚያ በፊት በሬዲዮ ላይ ከአራቱ ቃላት ያለፈ እንግሊዝኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ቦስ። አይ ዶንት አንደርስታንድ። ኦኬ ኢዝ ኖት ሚ። አይ ስቶፕ።»

መልስ የለም። ጉድጓዱ ውስጥ ጠልቆ ለገባ ሰው ኮንክሪቱ ሬዲዮውን ያፍነዋል። ደገመችው። መልስ የለም። ሦስተኛ ስትደግመው ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ «ቦስ፣ ፕሊስ! አይ ዶንት አንደርስታንድ!» ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ትንሽ ልጅ ሳለች ጨለማ ስትፈራ እንዲሁ ነበር የምትጠራኝ።

ከዚያ የማስቲካ ድምፅ መጣ። በጣም ዝቅ ያለ፣ ምንም የማያኝክ ድምፅ። «ስቶፕ። ስቶፕ። ዶንት ሙቭ።»

«አይ ስቶፕ» አለች እህቴ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ቀጥሎ የፉጨት ድምፅ ነበር፤ ሬዲዮ መያዙን ረስቶ ሲጮኽ። «ወጡ! ወጡ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አራት!»

«ምን አራት?» አለ መሐንዲሱ። «ከሥር የነበሩት ሦስት ናቸው።»

«አራተኛው ማስቲካ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ደረጃው የሚያርፍበት ጫፍ ላይ የካሳፎርማ ቁራጭ እንጨት ተረስቶ ቀርቷል። ማስቲካ ከላይ ሆኖ አየው። ለእህቴ ያላት፣ «ባለሽበት ቆይ፤ አሁን መጣሁ፤ ከሥር ገባ ብዬ አየት ላድርግ» ነው፤ ባቸርስ ለካስ በእነሱ የሠፈር ቋንቋ አየት ማድረግ ኖሯል። ኦኬ ሲባል ወረደ፤ ከደረጃው ሥር ገባና እንጨቱን በእጁ መነቅነቅ ጀመረ። አናጢውና ሁለቱ ሰዎች ግራ ቢገባቸውም አለቃ ገብቶ እነሱ ከዳር ይቆማሉ? ተከትለውት ገቡ። አራቱም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ከአንድ መኪና ክብደት በታች ነበሩ። ፉጨት ከላይ ሆኖ አላያቸውም፤ የተንጠለጠለው ደረጃ ራሱ ጋርዶበታል።

እህቴ ደረጃውን ቀስ አድርጋ አወጣችው፤ በግቢው ሜዳ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ መሰላሉን ወረደች። እግሯ መሬት ሲነካ የመሰላሉ የመጨረሻ ርካብ ላይ ቁጭ አለች። ሰው ሁሉ ግምጃ ቤቴ በር ላይ ተሰብስቧል። «ነፋሱን አይታ ነው» ይላል አንዱ። «አይደለም፣ ልምድ ነው፣ ልምድ ያለው ኦፕሬተር ይሸተዋል» ይላል ሌላው። ውኃ ሰጠኋት፤ ግማሹ ልብሷ ላይ ፈሰሰ።

ማስቲካ መጣ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። በሰው መሃል ቆመና ቃል በቃል፣ እንደ አባ ቀስ፣ «ሁ ሴድ ኦኬ?» አለ። ይሄ ለማንም ገባው። ኦኬ ያለው ማነው?

ማስቲካ ወደ ፉጨት ዞረ።

«ኖት ሚ» አለ ፉጨት። «ኖት ሚ ቦስ! በልጆቼ!»

ማስቲካ አላመነውም። ለክሬኑ የሚመልሰው እሱ ነዋ! በእጁ ወደ በሩ አመለከተ፤ ልክ ያኔ በያጁን እንዳደረገው። ፉጨት ሄልሜቱን አወለቀ። ዓይኑ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ይሄዳል፣ አንድ ሰው አንድ ነገር እንዲልለት። እኔ ክፉ ሴት ነኝና ዓይኔ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አናጢው ላይ ሄደ፤ መሬት መሬት ያያል፣ የእጁን አቧራ ይጠርጋል። ያኔ ገባኝ። ተናገር፣ አንተ ሰው፣ ተናገር አልኩት በሆዴ። ዝም አለ። እስከ ዛሬ ያችን ዝምታውን አልረሳሁለትም።

እህቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ማይ ሃዝባንድ» አለች።

ማስቲካ አልሰማ ይሁን አላምን ብሎ አያት።

«ኦኬ ኢዝ ማይ ሃዝባንድ።» ወደ ባሏ አመለከተች።

ፉጨት ሄልሜቱን ደረቱ ላይ ይዞ አለቀሰ፤ ትልቅ ሰውዬ። ማስቲካ አናጢውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከአንድ ድንጋይ ሥር አብረው ነው የወጡት። ከዚያ፣ ዛሬ ወደ ቤትህ ሂድ፣ ነገ ቢሮ እንነጋገራለን የሚል ነገር ተናገረ፤ መሐንዲሱ ተረጎመው። ወደ ሁላችንም ዞሮ ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀ። መሐንዲሱ አንገቱን አቀርቅሮ፣ «ካልገባችሁ ለምን አትነግሩኝም ነው የሚለው» አለን።

እኔ ያደረብኝን ማስቀረት አልችልም። «ዌልደር» አልኩት፤ በያጁን ማለቴ ነው። «ዌልደር አስክ። ዌልደር ጎ ሆም።»

ሰዋስው የለውም፤ ግን ገባው። ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፤ እንደ ልማዱ አንድ ነገር አጉተመተመና ሄደ። ይሄኛው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ይቅርታ ነው የሚሉ አሉ።

ማታ ከእህቴ ጋር አብረን ሄድን። ቤታችን አንድ ግቢ ውስጥ ነው። በር ላይ ስንደርስ እጄን ያዘችና «ግቢ፣ ብቻዬን አልችልም» አለችኝ።

አናጢው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የመሣሪያ ሳጥኑ እግሩ ሥር ነው፤ መብራት እንኳ አላበራም። አበራሁት። እህቴ ከፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ተቀይመኸኛል» አለችው።

«በሰው ሁሉ ፊት» አለ። «ገና ጣትሽን ስታነሺ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።»

«ፉጨት ይባረር?»

«አይባረር። እኔ እናገር ነበር። ትንሽ ብትጠብቂኝ እናገር ነበር።»

እኔ ምላሴን ነከስኩ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየዋለች።

«ላተርፍሽ ብዬ ነው እኮ» አለ አናጢው። «ሪፒት ስትዪ ሰማሁሽ። ይጮኽብሻል ብዬ፣ ያወርዱሻል ብዬ... ከአፌ አመለጠኝ። ክፉ አስቤ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

«ድምፄን ለይተሽው ነበር? ያኔውኑ?»

«ወዲያው ነው የለየሁት። ማነው ኦኬ ያለው ያልኩት አንተው እንድትናገር ነበር።»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። «ታዲያ ባልሽ ኦኬ ሲል ከሰማሽ ለምን አላወረድሽም? ያን ያህል አታምኚኝም?»

እህቴ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«አንተ የገባህ ነገር ሲሆን ትዘገያለህ» አለችው። «ቤት ውስጥም እንደዚያው ነህ። ታስባለህ፣ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ነው የምትመልሰው። ቶሎ እሺ የምትለኝ ሳይገባህ ሲቀር ነው። ዛሬ አፌን ሳልዘጋ ነው የመለስከው።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አወርደው ነበር።»